የገዙትን መልሶ መሸጥ፦ የሶፍትዌርና የዲጂታል ድምፅ ናሙና ፈቃድ በሕግ ፊት

መግቢያ

የታተመ መጽሐፍ የገዛ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ለሌላ ሊሸጠው ይችላል፤ ደራሲውንም ሆነ አሳታሚውን ማስፈቀድ አያስፈልገውም። ለአንድ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ወይም ለአንድ የድምፅ ናሙና ስብስብ ከመጽሐፍ ዋጋ ብዙ እጥፍ የከፈለ ሰው ግን ይህንኑ ለማድረግ ሲነሣ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ሲገዛ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ያለፈው ውል፣ ዕቃው እንዳልተሸጠለት፣ እንዲጠቀምበት ብቻ እንደተፈቀደለት፣ ፈቃዱንም ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይችል ይገልጻል።

የድምፅ ናሙና ሲባል ለሙዚቃ ማቀናበሪያ የተዘጋጀ አጭር የድምፅ ቀረጻ ማለት ነው፤ አንድ የከበሮ ምት፣ አንድ የፒያኖ ድምፅ፣ ወይም ጥቂት ሰከንድ የሚቆይ የቫዮሊን ዜማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ቀረጻዎች በመቶዎችና በሺዎች ተሰብስበው አንዳንዴ በፋይል መልክ ለብቻቸው፣ አንዳንዴም ከሚያጫውታቸው ፕሮግራም ጋር ተጣምረው እንደ አንድ የሶፍትዌር የሙዚቃ መሣሪያ ለገበያ ይቀርባሉ።

ውሉ ስለከለከለ ብቻ ገዢው መልሶ መሸጥ አይችልም ማለት ነውን? ይህ ጽሑፍ ጉዳዩ በስፋት በተከራከረባቸው ሁለት የሕግ ሥርዓቶች፣ ማለትም በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት፣ የተሰጡትን ዋና ዋና ውሳኔዎች ይመረምራል። ከምርመራው የሚወጣው ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ መልሱ የሚወሰነው ገዢው በከፈለው ዋጋ ሳይሆን የቅጅው ባለቤት በመሆን አለመሆኑ፣ ሽያጩ አዲስ ቅጅ በመፍጠር አለመፍጠሩና ሥራው በየትኛው ሕግ ሥር በመውደቁ ነው። ሁለተኛ፣ ሶፍትዌርና የድምፅ ናሙና በአንድ ሳጥን ቢሸጡም በሕግ ፊት እኩል አይደሉም፤ የናሙናው ገዢ በሁለቱም ሥርዓቶች ከሶፍትዌሩ ገዢ ይልቅ ደካማ ቦታ ላይ ይገኛል።

የመርሁ መነሻ

በአሜሪካ ሕግ የመልሶ መሸጥ መብት መነሻ የመጻሕፍት ንግድ ነው። ቦብስ ሜሪል የተባለ አሳታሚ «ዘ ካስታዌይ» በተሰኘ ልብ ወለድ ላይ መጽሐፉ ከ1 ዶላር በታች እንዳይሸጥ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ አተመ። የሜሲስ መደብር ባለቤቶች ግን መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ሸጡት። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1908 የቅጅ መብት ባለቤት ቅጅውን አንዴ ከሸጠ በኋላ ቀጣዩን የሽያጭ ዋጋ የመቆጣጠር መብት ሕጉ እንዳልሰጠው ወሰነ። ይህ «የመጀመሪያ ሽያጭ መርህ» የሚባለው ሐሳብ በዓመቱ በ1909 ሕግ ውስጥ ተካተተ፤ ዛሬ የሚገኘውም በ1976ቱ የቅጅ መብት ሕግ አንቀጽ 109 ነው። በአውሮፓ ተመሳሳዩ ሐሳብ የማሰራጨት መብት መሟጠጥ ይባላል።

አንቀጽ 109 ሦስት ወሰኖች አሉት። መብቱን የሚሰጠው ለቅጅው ባለቤት እንጂ ቅጅው በእጁ ለተገኘ ሁሉ አይደለም። የሚመለከተውም «ያንን የተለየ ቅጅ» እንጂ ከእሱ የተባዛውን አይደለም። የሚገድበውም የባለመብቱን የማሰራጨት መብት ብቻ ነው፤ የማባዛት መብቱን አይነካም። በተጨማሪም የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 የሙዚቃ ቀረጻዎችን፣ በ1990 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ለንግድ ማከራየትን ከመርሁ ውጪ አድርጓል። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ የሚከራይ ዲስክ በቀላሉ ተገልብጦ ይመለሳልና። በዲጂታል ዘመን የተነሡት ክርክሮች በሙሉ የተመላለሱት በእነዚህ ሦስት ወሰኖች ላይ ነው።

ባለቤት ወይስ ባለፈቃድ?

የመጀመሪያውን ወሰን የፈተነው ቨርነር በአውቶዴስክ ላይ ያቀረበው ክስ ነው። አንድ የሥነ ሕንፃ ድርጅት የአውቶካድ 14ኛ ዕትም ቅጅዎች ነበሩት። ወደ አዲሱ ዕትም ሲሸጋገር የቀድሞዎቹን እንደሚያስወግድ ቢስማማም አላስወገዳቸውም፤ ይልቁንም ሸጣቸው። ገዢው ደግሞ ቅጅዎቹን በኢቤይ የጨረታ ገበያ ለሽያጭ አቀረበ። የአውራጃው ፍርድ ቤት ለሻጩ ቢፈርድለትም፣ የ9ኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ውሳኔውን ሻረው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሦስት መመዘኛዎችን አስቀመጠ። ውሉ ለተጠቃሚው የተሰጠው ፈቃድ መሆኑን የሚገልጽ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩን ለሌላ የማስተላለፍ ችሎታውን በእጅጉ የሚገድብ ከሆነ፣ በአጠቃቀሙም ላይ ጉልህ ገደብ የሚጥል ከሆነ ተጠቃሚው ባለፈቃድ እንጂ ባለቤት አይደለም። የመጀመሪያው ድርጅት ባለቤት ካልነበረ ከእሱ የገዛውም ባለቤት ሊሆን አይችልም፤ የሌለውን መስጠት የሚችል የለምና። ውጤቱ በመልሶ መሸጥ ላይ ብቻ አይቆምም። የሕጉ አንቀጽ 117 ፕሮግራሙን ለማሠራት የግድ የሚያስፈልገውን ቅጅ በኮምፒውተር ውስጥ መፍጠርን የሚፈቅደው «ለቅጅው ባለቤት» ነው፤ ስለዚህ ባለቤት ያልሆነ ሁለተኛ ገዢ ፕሮግራሙን መክፈቱ ራሱ የማባዛት መብትን ሊጥስ ይችላል።

ይህ ማለት ግን «ፈቃድ» የሚል ቃል መጻፍ ብቻውን ባለቤትነትን ያስቀራል ማለት አይደለም። ያው ፍርድ ቤት በዚያው ሰሞን፣ በጥር 2011 እ.ኤ.አ.፣ ዩኒቨርሳል ሙዚቃ ለማስተዋወቂያ በነፃ በላካቸው ዲስኮች ላይ በተነሣ ክርክር ተቃራኒ ውጤት ላይ ደርሷል። ዲስኮቹ «ለግል ጥቅም ብቻ፣ መሸጥ የተከለከለ» የሚል ጽሑፍ ቢኖራቸውም፣ ላኪው ሳይጠየቅ ልኳቸው፣ እንዲመለሱም ሳይጠብቅ፣ የት እንደደረሱም ሳይከታተል ስለተዋቸው ተቀባዮቹ ባለቤት ሆነዋል ተባለ። ልዩነቱ ያለው ባለመብቱ ቅጅውን በተጨባጭ በመቆጣጠሩና ባለመቆጣጠሩ ላይ ነው።

ፋይል ሲንቀሳቀስ

ገዢው ባለቤት መሆኑ ባያከራክርስ? ሬዲጂ የተባለው አገልግሎት የተነሣው በዚህ ግምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው ይህ ድርጅት ሰዎች ከአፕል የሙዚቃ መደብር በሕጋዊ መንገድ የገዟቸውን የሙዚቃ ፋይሎች እንዲሸጡ የሚያስችል ሥርዓት ዘረጋ። ፋይሉ ከሻጩ ኮምፒውተር ወደ ድርጅቱ ሰርቨር በጥቂት በጥቂቱ ሲሻገር የተሻገረው ክፍል ከሻጩ ዘንድ ወዲያው ይሰረዛል፤ ስለዚህ በማንኛውም ቅጽበት አንድ ሙሉ ፋይል ብቻ ነው ያለው የሚል መከራከሪያ አቀረበ።

ፍርድ ቤቶቹ አልተቀበሉትም። የአውራጃው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013፣ የ2ኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. በካፒቶል ሪከርድስ በኩል ፈረዱ። ምክንያታቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወሰን ላይ የተመሠረተ ነው። ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ ሲያርፍ በአዲስ ግዙፍ አካል ላይ ተቀርጿል፤ ይህም አዲስ ቅጅ ነው። የቀድሞው ቢጠፋም አዲስ ቅጅ መፈጠሩ አይቀርም፤ አንቀጽ 109 ደግሞ ማባዛትን አይፈቅድም። የአውራጃው ፍርድ ቤት ገዢው ፋይሉ መጀመሪያ የወረደበትን ሃርድ ዲስክ ራሱን መሸጥ እንደሚችል ጠቁሟል፤ ነገር ግን ዘፈን ለመሸጥ ኮምፒውተርን አብሮ መሸጥ ለአብዛኛው ሰው የማይሆን ነው።

የአውሮፓ ሁለት መንገዶች

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ለሶፍትዌር የሰጠው መልስ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ዩዝድሶፍት የተባለ የጀርመን ድርጅት የኦራክል ደንበኞች ያልተጠቀሙባቸውን ፈቃዶች እየገዛ ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ ፕሮግራሙን ከኦራክል ገጽ ራሳቸው ያወርዱታል። የኦራክል ውል ፈቃዱ ለማይወሰን ጊዜ የሚቆይ፣ የማይተላለፍ መሆኑን ይገልጻል። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 3 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ቅጅውና ፈቃዱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አመለከተ፤ ለማይወሰን ጊዜ የመጠቀም መብት ከኢኮኖሚያዊ ዋጋው ጋር በተመጣጠነ ክፍያ ሲተላለፍ ውሉ ምንም ስም ቢሰጠው ሽያጭ ነው አለ። ስለዚህ የማሰራጨት መብቱ ተሟጧል፤ «አይተላለፍም» የሚለው አንቀጽም መልሶ መሸጥን አያግድም። ሁለተኛው ገዢ ደግሞ በሶፍትዌር መመሪያው መሠረት «ሕጋዊ ተጠቃሚ» ስለሆነ ፕሮግራሙን ለማሠራት የሚያስፈልገውን ቅጅ መፍጠር ይችላል።

ውሳኔው ግዴታዎችንም አስከትሏል። ሻጩ በእጁ ያለውን ቅጅ ከጥቅም ውጪ ማድረግ አለበት። ለብዙ ተጠቃሚዎች በጥቅል የተገዛን ፈቃድ ቆራርጦ መሸጥም አይፈቀድም፤ ለ25 ተጠቃሚዎች የተገዛ ፈቃድ አሥሩ ተለይቶ ሊሸጥ አይችልም ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከላትቪያ በቀረበለት ጉዳይ፣ ዋናው ዲስክ ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ እንኳ ቢሆን በመጠባበቂያነት የተገለበጠን ዲስክ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መሸጥ እንደማይቻል ጨምሮ ወስኗል።

ይህ ነፃነት ግን ወደ ሌሎች ዲጂታል ሥራዎች አልተሻገረም። ቶም ካቢኔት የተባለ የኔዘርላንድ ድርጅት ያገለገሉ ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ሲሸጥ የቀረበበት ክስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2019 ሲወሰን፣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ሥራዎች የሚተዳደሩት በ2001ዱ የቅጅ መብት መመሪያ እንደሆነ፣ በዚያም መመሪያ መሟጠጥ ግዙፍነት ላላቸው ቅጆች ብቻ እንደሚሠራ አረጋገጠ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ዲጂታል ቅጅ በአገልግሎት ብዛት ስለማያረጅ ያገለገለው ከአዲሱ ጋር ፍጹም እኩል ሆኖ ይወዳደረዋል የሚል ነው። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፉ በውስጡ ፕሮግራም ቢኖረው እንኳ ፕሮግራሙ ለመጽሐፉ አጋዥ እንጂ ዋና አይደለም ሲልም አክሏል።

ናሙና ለምን ይለያል?

የድምፅ ናሙና የሚወድቀው በእነዚህ ሁለት መንገዶች መገናኛ ላይ ነው። ለብቻው በፋይል መልክ የተሸጠ ናሙና የድምፅ ቀረጻ እንጂ ፕሮግራም አይደለም። ስለዚህ በአውሮፓ የሚመለከተው የቶም ካቢኔት አካሄድ፣ በአሜሪካም የሬዲጂ ውሳኔ ነው። ፕሮግራምና ቀረጻ ተጣምረው የተሸጡበት የሶፍትዌር መሣሪያ ግን ይበልጥ ያከራክራል። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በኔንቲዶ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2014 የቪዲዮ ጨዋታ ከፕሮግራም በላይ የሆነ ውስብስብ ሥራ መሆኑን፣ ምስሉና ድምፁም የራሳቸው የፈጠራ ዋጋ እንዳላቸው ተናግሯል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ድምፁን በስሌት የሚፈጥር ሲንተሳይዘር በዋነኛነት ፕሮግራም ስለሆነ በዩዝድሶፍት ውሳኔ ሥር ለመግባት ቅርብ ነው። በብዙ ጊጋባይት ቀረጻዎች ላይ የተመሠረተ የኦርኬስትራ ስብስብ ግን ዋጋው ያለው በቀረጻዎቹ ነው፤ ፕሮግራሙ ማጫወቻ ብቻ ነው ተብሎ በብርቱ ሊከራከሩበት ይቻላል።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ ልዩነት አለ። ሶፍትዌር የገዛ ሰው የሚፈልገው ማሠራት ነው፤ ይህንንም ሕጉ ራሱ፣ በአሜሪካ ለቅጅው ባለቤት፣ በአውሮፓ ለሕጋዊው ተጠቃሚ ይፈቅድለታል። ናሙና የገዛ አቀናባሪ ግን ድምፁን ሊያዳምጠው አይደለም የገዛው፤ በራሱ ሙዚቃ ውስጥ አስገብቶ ሊያባዛውና ለሕዝብ ሊያቀርበው ነው። ይህን የሚፈቅድለት የሕግ አንቀጽ የለም። ፈቃዱ የሚመነጨው ከውሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ በቀድሞው ዘመን በዲስክ የተሸጠን የናሙና ስብስብ እናስብ። ዲስኩ ግዙፍ ቅጅ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ገዢ ባለቤቱ ከነበረ፣ ዲስኩን መሸጡ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዲስኩ ጋር አብሮ የሚሄደው ፕላስቲኩ እንጂ ድምፁን በአዲስ ሥራ ውስጥ የማስገባት ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ገዢ በግሉ የተሰጠ ከሆነ ሁለተኛው ገዢ ሊጠቀምበት የማይችለውን ዕቃ ገዝቷል ማለት ነው።

ድምፁ አጭር መሆኑም እምብዛም አያድነውም። የ6ኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይን የጊታር ድምፅ ያለ ፈቃድ ቆርጦ መጠቀም ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። የ9ኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2016 የሰከንድ ሩብ የማይሞላን የነሐስ መሣሪያ ድምፅ በሚመለከት ይህን አቋም ሳይቀበል፣ ኢምንት መገልበጥ አያስጠይቅም ብሏል። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ደግሞ በ2019 በክራፍትወርክ ቀረጻ ላይ በተነሣው ጉዳይ፣ በጣም አጭር ቁራጭም ቢሆን በጆሮ ሊለይ እስከቻለ ድረስ የአዘጋጁን መብት እንደሚነካ ገልጿል። እነዚህ ጉዳዮች ከሌላ ሰው ሙዚቃ ተቆርጦ የተወሰደን ድምፅ የሚመለከቱ ቢሆኑም፣ ያለ ፈቃድ የተያዘ የናሙና ስብስብም በዚያው ሚዛን መመዘኑ አይቀርም። አደጋው የሚገለጠው ሲገዙ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ፣ ሙዚቃው ታትሞ ገቢ ማስገኘት ሲጀምርና የፈቃድ ማስረጃ ሲጠየቅ ነው።

ሻጩም ከጥያቄ አያመልጥም። ስብስቡን ካስተላለፈ በኋላ ቀድሞ ያቀናበራቸው ሥራዎች በፈቃዱ እንደተሸፈኑ ይቀጥላሉን? ከሸጠ በኋላ ያሮጌ ሥራውን እንደገና ከፍቶ ማስተካከልስ ይችላልን? ዝውውርን የሚፈቅድ ውል እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በግልጽ ካልመለሰ ለሁለቱም ወገን የክርክር በር ይተዋል።

መብትና ቁልፍ

ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ አፈጻጸሙ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ አብዛኛው ሶፍትዌር የሚከፈተው በገዢው ስም በተመዘገበ መለያ ወይም በማስከፈቻ ቁልፍ አማካይነት ነው። የአሜሪካው የመጀመሪያ ሽያጭ መርህ ሻጭን ከጥሰት ክስ የሚከላከል ጋሻ ነው፤ አምራቹ ምዝገባውን ወደ አዲሱ ገዢ እንዲያዛውር አያስገድደውም። ወርሃዊ ክፍያ የሚጠየቅበት አገልግሎት ደግሞ ከዩዝድሶፍት ውሳኔም ውጪ ነው፤ የመጠቀም መብቱ በጊዜ የተወሰነ በመሆኑ ሽያጭ የለምና። ንግዱ ወደ ኪራይ መሰል አገልግሎት መሻገሩ የመልሶ መሸጥን ጥያቄ ሳይመልስ እያጠበበው ነው።

ሕግ አውጪዎች እስካሁን የነኩት በአመዛኙ የመረጃን ጉዳይ ነው። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ዲጂታል ዕቃን «ግዛ» በሚል ቃል የሚያቀርብ ሻጭ ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ሻጩ ሊነጥቀው በማይችል መልኩ አውርዶ የሚያስቀምጠውን ግን ከግዴታው ነፃ አድርጓል። ይህ ሕግ ቃሉን ያርማል እንጂ የመሸጥ መብት አይሰጥም።

ለኢትዮጵያ ጥናት የሚተወው ጥያቄ

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ያካትታል፤ ቅጅን በሽያጭ ወይም በኪራይ የማሰራጨትንም መብት ለሥራ አመንጪው ይሰጣል። ፕሮግራምን ለማሠራትና ለመጠባበቂያ አንድ ቅጅ ማድረግን ሲፈቅድ ደግሞ ፈቃዱን የሰጠው ለቅጅው ሕጋዊ ባለቤት ነው። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል።

እነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በቨርነርና በዩዝድሶፍት መካከል የታየው ምርጫ ይመጣል። «ባለቤት» የሚለው ቃል ውሉ በሰጠው ስም የሚተረጎም ከሆነ፣ የማይተላለፍ ፈቃድ የያዘ ተቋም ወይም ግለሰብ ባለቤት አይባልም፤ ከመልሶ መሸጥም አልፎ የመጠባበቂያ ቅጅ የማድረግ መብቱ ጭምር ይጠየቃል። በግብይቱ ባሕርይ የሚተረጎም ከሆነ ግን፣ ለዘለቄታው ለመጠቀም አንዴ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ገዢ ነው። ለሶፍትዌር በጀት የሚመድብ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቤቱ ስቱዲዮ የሚሠራ አቀናባሪ ከምርጫው ጋር ጥቅሙ የተያያዘ ነው።

ማጠቃለያ

ቅጅን መሸጥና ፈቃድን መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሶፍትዌር ረገድ የአውሮፓ ሕግ ሁለቱን አጣምሮ ገዢውን ሲያግዝ፣ የአሜሪካ ሕግ ውሉ እንደተጻፈ ለያይቶ ትቷቸዋል። በድምፅ ናሙና ረገድ ግን ቅጅው ያለ ፈቃዱ ጥቅም ስለሌለው የገዢው መብት በሁለቱም ዘንድ በውሉ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ያገለገለ ስብስብ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ውሉ ዝውውርን ይፈቅዳልን፣ አምራቹ ዝውውሩን በጽሑፍ ያረጋግጣልን፣ ሻጩስ የራሱን ቅጅ ለማጥፋት ግዴታ ገብቷልን? ለሦስቱም አዎንታዊ መልስ ያላገኘ ገዢ በእጁ የሚቀረው ፋይል ብቻ ነው፤ በፋይሉ ሙዚቃ የመሥራት መብት ከቀድሞው ባለፈቃድ ጋር ቀርቷል።